የሦስት ሰው ዴስክ

«ሁሉም የሚለው እንግሊዝኛ ነው፤ ሶሪ» አለች ልጅቷ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገልብጣ ስትጨርስ። ተናኘ በከተማው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ከመስታወቱ ወዲህ ቆማ የገዛ ዕድሜዋ ሲገለበጥ ታያለች። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪዋ ባዮሎጂ፣ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ። የሁለተኛ ደረጃ ትራንስክሪፕቷም እንግሊዝኛ። ናዝሬት ለረጅም ዓመታት ያስተማረችበት ትምህርት ቤት የጻፈላት የሥራ ልምድ ደግሞ «ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ቋንቋ በብቃት ስትሰጥ የቆየች» ይላል። «በብቃት» የምትለዋ ቃል እንድትገባላት ጸሐፊውን የለመነችው ራሷ ነበረች። አሜሪካ ለሚሄድ ሰው እንግሊዝኛ ማወቁ በማኅተም ቢረጋገጥ ይበጀዋል ብለው የመከሯት ብዙ ነበሩ። ይበጅ ይሆናል። ሆቴል ውስጥ አልጋ ለማንጠፍ ግን ማንም አልጠየቃትም፤ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ላይ የሕፃናት ቀበቶ ለማሰርም እንዲሁ።

በመጪው መስከረም ከከተማው ትምህርት ቤቶች በአንዱ በአማርኛ የሚያስተምር የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል ሊከፈት ነው። ረዳት መምህርት ይፈለጋል፤ ቋሚ፣ ኢንሹራንስ ያለው። ቅድሚያ የሚሰጠው አንደኛ ደረጃን በአማርኛ ለተማረ ሰው ነው። ቋንቋውን ከቤት የለቀመ ሳይሆን መደመርና መቀነሱን፣ የአበባውን ክፍሎች፣ የወንዞቹን ስም በዚያው በአማርኛ የተማረ ሰው እንዲገባ ተፈልጎ ነው። ተናኘ ማስታወቂያውን ስታነብ ለእሷ ተብሎ የተጻፈ መስሏት ነበር። ኢንሹራንሱን ትፈልገዋለች። ከኢንሹራንሱ ይልቅ ግን፣ ለማንም አትናገረው እንጂ፣ ክፍል መግባት አምሯታል። ጥያቄ ጠይቃ ዝም ማለት፣ ከዚያ እጅ ሲወጣ ማየት። አውቶቡስ ላይ እጁን የሚያወጣ ልጅ ሽንት ቤት የሚፈልግ ነው።

ከእሷ በፊት የተስተናገደው ወጣት ወረቀቱ አንድ ብቻ ነበር፤ እዚሁ ሲያትል ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ተምሮ ያገኘው፣ ወርቃማ ማኅተም ያለበት ሰርተፍኬት። «ለአማርኛው ክፍል ነው የመጣሁት» ለማለት ደጋግሞ ሞክሮ በመጨረሻ በእንግሊዝኛ ተገላገለው። ወረቀቱ ግን «ትምህርቱን በአማርኛ የተከታተለ» ይላልና ልጅቷ ኮምፒውተሯ ላይ ምልክት አድርጋ ሸኘችው። ሲወጣ ተናኘ አጠገብ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ፣ ምንም ሳታደርግለት፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አላት። ጨዋ ልጅ ነው። ልትጠላው ፈልጋ አልሆነላትም።

ልጅቷ ሃኒ ትባላለች፤ ስሟ ደረቷ ላይ ተለጥፏል። እዚህ ያደገች ናት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አይ ኖው፣ እትዬ። አንቺ ስትናገሪ፣ ሶሪ፣ እርስዎ ሲናገሩ እንደ ዜና ነው። ግን ሲስተሙ ቦክስ አለው፤ ቦክሱን ቼክ ለማድረግ የሆነ ነገር ያስፈልገኛል። ከአንድ እስከ ስድስት የተማሩበት ሰርተፍኬት የለም?» አለቻት።

«የስድስተኛ ክፍል ካርዱን ይዞ አሜሪካ የሚመጣ ማነው፣ ልጄ?»

«ከትምህርት ቤቱ ማስላክስ?»

«ሰው ልኬ፣ ፈርመውበት፣ በፖስታ እስኪደርስ ልጆቹ አንደኛ ክፍል ይገባሉ።»

ሃኒ ሳቅ አለችና ጎንበስ ብላ አንድ ወረቀት አተመች። «ሶ፣ ዊትነስ ይሆናል። አብሮዎት የተማረ፣ ወይም ያስተማረዎት ሰው። የሥጋ ዘመድ መሆን የለበትም። እሱ ይፈርማል፣ እርስዎ ፎቶ አንስተው ይልኩልኛል፣ እኔ ኮል አድርጌ ቬሪፋይ አደርጋለሁ። ግን ዛሬ ነው። አራት ሰዓት ላይ ፋይሉ ይዘጋል። በእኛ አሥር ማለት ነው አይደል?» ትክክል በመሆኗ ደስ ብሏት ቀና አለች።

አንደኛ ደረጃን ሞጆ አብሯት የተማረ ሰው። ተናኘ በሲያትልና በዙሪያዋ የምታውቀውን ሰው ሁሉ በልቧ ዞረችው፤ መዞሩ ረጅም አልነበረም። ሁለት ሰዎች ነበሩ። አሁን አንድ ሰው አለ፤ የባሏ እህት፣ የውብዳር።

ባቡሩ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የውብዳር እስከምትኖርበት እስከ ፌደራል ዌይ ድረስ ስለሚሄድ መኪና የሚወስዳት ሰው መለመን አላስፈለጋትም። ሰፈሯ ኦቴሎ ሲደርስ እንደ ልማዷ ልትወርድ ተነሥታ መልሳ ተቀመጠች። ኩንታል ሩዝ በጋሪ የሚገፉ ሴቶች ገቡ፤ አንዷ ለሌላዋ የሽንኩርት ዋጋ የት ቀነስ እንዳለ በሶማልኛ እየነገረቻት እንደሆነ ተናኘ ቋንቋውን ሳታውቅ ከእጃቸው ገባት። ቀድማ አልደወለችም። ብትደውል የውብዳር «ዛሬስ አይመችም» ትላለች፤ በር ላይ ለቆመ ሰው ግን እንዲያ አይባልም። ያንን ቆጥራበታለች። ባሏ መሳፍንት ሲሞት የውብዳር አስከሬኑ ሞጆ ሄዶ ከአባቱ ጎን ይረፍ ብላ ነበር። ተናኘ እዚሁ አስቀበረችው። ለምን እንዲያ እንዳደረገች ለማንም አላስረዳችም። ከተዝካሩ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች በየበዓሉ ይደዋወላሉ፣ ስለ ጤና ይጠያየቃሉ፤ ስሙን ግን አንዷም ለሌላዋ ጠርታ አታውቅም። ተናኘ መስኮቱን ስታይ ቆየች። የመኪና መሸጫዎች፣ የራስ አገዝ መጋዘኖች፣ ዝናብ የጠገቡ ጥዶች፣ እንደገና የመኪና መሸጫዎች።

የውብዳር ፈቃድ አውጥታ ቤቷ ውስጥ አራት አረጋውያን ትጦራለች። በኮሪደሩ ግድግዳ ጥግ የመራመጃ ብረቶቻቸው ተሰልፈዋል፤ እግራቸው ወለሉን እንዳይቧጭር የቴኒስ ኳስ ተሰክቶባቸዋል። ቤቱ ሳሙናና የተቁላላ ሽንኩርት ይሸታል። በሩን የከፈተችው ልጇ ሩሐማ ናት፤ ፋርማሲስት ሆናለች፤ ዛሬ ግን የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ጸጉሯን ተሠርታለች። «ተንዬ! ኦ ማይ ጋድ! ማሚ ጠርታሽ ነው?» አለችና መልሱን ሳትጠብቅ አቀፈቻት። ከዚያ በጆሮዋ፣ «የዘካሪያስ እናት መጥተዋል። ከአዲስ አበባ። ፕሊዝ አትሂጂ፣ አይ አም ሶ ነርቨስ» አለች። ዘካሪያስ ሊያገባት የሚፈልገው ልጅ ነው። ተናኘ የመረጠችው ቀን ምን ዓይነት ቀን እንደሆነ ያኔ ገባት።

ከሳሎኑ የየውብዳር ድምፅ ይሰማል። «አማርኛ የተነፈሰ ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበታል፤ ሌላ አማርኛ የሚናገር ልጅ ይዞ እስኪያስተላልፍለት ድረስ አያወልቀውም። ሲስተሮቹ ቀልድ አያውቁም ነበር!» ትላለች። ተናኘ ኮሪደሩ ላይ ጫማዋን እያወለቀች ሰማች። የውብዳር አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ሆና መነኮሳት በሚያስተምሩበት የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ተምራለች የሚለው ወሬ አሜሪካ እንደገባች አካባቢ የተጀመረ ነው። መጀመሪያ አንድ ክርስትና ቤት ለአንዲት የኮራች ሴትዮ መልስ ሆኖ ተነገረ፤ ከዚያ ማን ይመልሰው? ሰው ሲደግመው ጸና፤ ሩሐማም ይህንኑ እየሰማች አደገች። እንጨቱን የሰጠቻት ግን ተናኘ ናት። ዩኒቨርሲቲ ዶርም አብራት የነበረች የእውነት የመነኮሳት ተማሪ ያጫወተቻትን ለየውብዳር ነግራት፣ ሁለቱም ስቀው ነበር። እነሱ ሞጆ አብረው በተማሩበት ትምህርት ቤት የሚንጠለጠል ነገር ቢኖር የጎረቤት ዶሮ ነው፤ ከክፍሉ ጣሪያ ሥር ጎጆ ሠርታ እንቁላሏን መምህሩ ጠረጴዛ ላይ የጣለች።

የዘካሪያስ እናት፣ ወይዘሮ የኔነሽ፣ ሶፋው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ሸማቸው ጠርዙ ጠባብ፣ ወርቃቸው ትንሽና የቆየ። ተናኘ ጎንበስ ብላ ሳመቻቸው። ስለ በረራው ተወራ፣ ስለ እግር እብጠት፣ አዲስ አበባ ቅቤ ስንት እንደገባ፣ እዚህ ደግሞ የሠርግ አዳራሽ ለአንድ ቀን የሚጠይቀው ሲነገራቸው ወይዘሮ የኔነሽ «ገዝተነው ብንሄድስ?» ብለው ሁሉንም አሳቁ። ጥግ ላይ ከአረጋውያኑ አንዱ፣ ሚስተር ፖል፣ ድምፁ የጠፋ ቤዝቦል እያየ ሰው በሳቀ ቁጥር አብሮ ይስቃል። ወይዘሮ የኔነሽ ወሬውን ወደ ትምህርት ቤቱ መለሱት። እሳቸውም ከመነኮሳት ዘንድ ነው የተማሩት፤ ሌላ ቅርንጫፍ፣ ቀደም ባለው ዘመን። «ጠዋት ጠዋት የምንዘምራት መዝሙር ነበረች፤ በእናንተም ጊዜ ትዘመር ነበር?» አሉ። የውብዳር ሰዓቷን አይታ፣ «ውይ፣ የሽማግሎቹ መድኃኒት!» ብላ ተነሣች። ተናኘም ብርጭቆ የምታነሣ መስላ ተከተለቻት።

ማዕድ ቤቱ ጠባብና ንጹሕ ነው። የውብዳር የሳምንቱን መድኃኒት የሚይዘውን ባለ ብዙ ክፍል ፕላስቲክ ሳጥን ከፈተችና ብልቃጦቹን ደረደረች። ቀና ሳትል፣ «በደህና ነው?» አለች።

«ፊርማ ፈልጌ ነው» አለች ተናኘ፤ ነገሩንም እንዳለ ነገረቻት።

«ዛሬ? ከቀን ሁሉ ዛሬ?»

«ቀኑን የቆረጡት እነሱ ናቸው።»

«ሴትዮዋን አየሻቸው አይደል? ሩሐማን አይተው ጨርሰዋል። አሁን የሚመዝኑት እኔን ነው። የመነኮሳት ተማሪ ናቸው፤ የእውነቱን» አለች የውብዳር። የእውነቱን ስትል አልደነገጠችም። ከተናኘ ጋር ሲሆኑ ውሸቱ ከበር ውጭ እንደሚወልቅ ጫማ ነው።

«ፈርመሽ ትሰጪኛለሽ፤ ማን ያያል?»

«ትደውላለች አልሽኝ እኮ። ስልኩ እሳቸው ፊት ቢጮህስ? ሞጆ፣ በአማርኛ፣ አዎ ልበል? ልጄ ፊት?» ክኒኖቹን መዳፏ ላይ አፈሰሰች። «ሌላ ሰው ፈልጊ፣ ተናኘ። በእናትሽ።»

«ሌላውማ መሳፍንት ነበር» አለች ተናኘ።

ልትለው አልነበረም። ማስጨነቂያ አድርጋም አልተናገረችው፤ ጥያቄው ሲመጣ መልሱ ያ ስለሆነ ነው የወጣው።  ከሳሎን የሩሐማ ሳቅ ይሰማል። ተናኘ ቅጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ልትመልሰው ጀመረች። ለሃኒ የምትላትን እያሰበች ነበር፤ «ሰው አላገኘሁም» ብላ ትደውላለች፤ ሃኒም «ሶሪ» ትላለች፤ ሰኞ አውቶቡሱ እንደ ልማዱ በንጋት ይነሣል። የውብዳር ወደ ክኒኖቿ ተመለሰች። በሌባ ጣቷ ጥንድ ጥንዱን እየገፋች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ «ሁለት፣ አራት፣ ስድስት፣ ስምንት...» ትላለች፣ ሞጆ ሳሉ መምህር ወንዳፍራሽ ጠረጴዛውን በአርጩሜ እየመቱ ባስለመዷቸው በዚያው ዜማ፣ ስምንት ላይ ድምፅ ከፍ እየተደረገ።

«በምን እየቆጠርሽ ነው?» አለቻት ተናኘ።

«እንዴት በምን?»

«ሲስተሮቹ ሰምተውሽ ቢሆን እኮ አንገትሽ ላይ እንጨት ነበር።»

የውብዳር መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ክኒኑን እንደያዘች አፏን በክንዷ ሸፍና ሳቀች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ፣ ድምፅ እንዳይወጣት እየታገለች። ልጅ ሆና መምህሩ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳ ሲያዞሩ እንደምትስቀው ነው። «አንቺ መርዝ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሳንቲም ስቆጥር ፈርቼ በልቤ ነው የምቆጥረው፤ ታውቂያለሽ? ይኸው ክኒን አጋለጠኝ።» ከዚያ ሳቁ ቆመ። ክኒኖቹን በየክፍላቸው አስገብታ፣ ክዳኑን አንድ በአንድ ጠቅ ጠቅ አድርጋ ዘጋች። እጇን ታጠበች። «አምጪው» አለች።

ቆማ ፈረመች፤ ስልክ ቁጥሯንም ጻፈች። ተናኘ ፎቶ አንስታ ላከችው። ወደ ሳሎን ሲመለሱ ሁለቱም ትሪ ይዘው ነበር፤ የውብዳር ዳቦውን፣ ተናኘ የብርቱካን ጭማቂውን። ወሬው ከመዝሙሩ አልፎ ሚዜዎቹ ምን እንደሚለብሱ ላይ ደርሷል። የውብዳር ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እጇን አኖረችበት። ሲጮህ ግን ዳቦ እየቆረሰች ስለነበር ሩሐማ ቀድማ አነሣችው፤ «ማሚ፣ ስኩል ዲስትሪክት ይላል።»

ወይዘሮ የኔነሽ ቀና አሉ። «ትምህርት ቤት? ትንሽ ልጅ አለሽ እንዴ?»

«የለኝም፤ ለሰው ነው» አለች የውብዳር። ስልኩን ተቀብላ በማዕድ ቤቱ አልፋ ጋራዡ ውስጥ ገባችና በሩን ዘጋች። ተናኘ ጥቂት ቆየች። ከዚያ ባዶውን ትሪ ይዛ ተነሣች።

የጋራዡ በር ስስ ነው። ተናኘ የቧንቧውን ውኃ ከፍታ መልሳ ዘጋችው። «አዎ፣ እኔ ነኝ። አዎ፣ አብረን ነው። ሞጆ» ይላል የየውብዳር ድምፅ። «ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ። በአማርኛ ነዋ፤ በምን ይሁን? ሒሳቡም። ሳይንሱም። እንግሊዝኛ እንደ አንድ ትምህርት ነበር፤ እሱንም መምህሩ በአማርኛ ነበር የሚያስረዱን።» ከማዶ ሃኒ የሆነ ነገር ጠየቀቻት። መልሱ ከጥያቄው በላይ ረዘመ። «እንዴት አላስታውሳትም? ዴስኩ የሦስት ሰው ነው። እኔና እሷ ዳር ዳር፣ መሃል ወንድሜ። አባቴ ሁለታችንንም በአንድ ቀን ስላስመዘገበን አንድ ክፍል ነን። መሳፍንት ይባላል። ሁለታችንም ከእሱ ነው የምንኮርጀው፤ እሷ ግን ከሦስተኛ ክፍል ወዲህ በለጠችው፤ ከዚያ እሱ ከእሷ ይኮርጃል፣ እኔ ከእሱ እኮርጃለሁ።» ሃኒ ደግሞ ጠየቀች። «እሱ? አይ፣ የኔ እናት። እሱ አይፈርምም። የለም።»

ተናኘ ትሪውን አጠበችው። ንጹሕ ነበር፤ ቢሆንም አጠበችው። በሩ ሲከፈት የውብዳር እንዳላየቻት ሆነችና አጠገቧ ቆማ ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበች። ተናኘ ፎጣ አቀበለቻት። የእጅ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ፤ የሃኒ መልእክት ነበር። «ቬሪፋይድ! ፋይሉ ገብቷል እትዬ። ኢንተርቪው ሐሙስ። ሴትዮዋን በጣም ወደድኳቸው።» ተናኘ መልእክቱን ለየውብዳር አሳየቻት። የውብዳር አነበበችውና ፎጣውን አጥፋ መስቀያው ላይ አስተካክላ ሰቀለችው። «በይ እንግባ፤ ሰው ጥለን» አለች።

ሳሎን ሲገቡ ሚስተር ፖል እንቅልፍ ወስዶታል። ሩሐማ እግሩ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጋለታለች፤ ወይዘሮ የኔነሽም ያንን አይተው የወደዱ ይመስላሉ፤ ፊታቸው ለስልሷል። ጭማቂ ሲቀዳላቸው ወደ ተናኘ ዞሩ።

«አንቺስ፣ የኔ እህት? ሩሐማ መምህር ናት አለችኝ። የት ነው የተማርሽው?»

«ሞጆ» አለች ተናኘ። «የመንግሥት ትምህርት ቤት። በአማርኛ።»

«ጎበዝ። ታዲያ ከየውብዳር ጋር የት ተገናኛችሁ? እሷ አዲስ አበባ፣ አንቺ ሞጆ?»

የውብዳር የጭማቂውን ጆግ በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ሩሐማ እናቷን ሳይሆን ተናኘን ታያለች፤ ይህን ጥያቄ እሷም ጠይቃ አታውቅም ኖሯል። ተናኘ ከሰዓታት በፊት ለአንዲት መስታወት ጀርባ ለተቀመጠች ልጅ እውነቷን ለማስረዳት ቃል አጥሯት ነበር። አሁን እውነቱ ተመስክሮ፣ ተፈርሞ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል፤ ደግሞም የማንም ሳሎን አያስፈልገውም። እሷ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ክርኗ የተነካካበትን ዴስክ በገዛ አፏ ልትደብቀው ነው።

«ወንድሟን አግብቼ» አለች።

«አሃ። ሞተ ያላችሁኝ እሱ ነው? ነፍሱን ይማረው» አሉ ወይዘሮ የኔነሽ። ወደ የውብዳር ዞሩ። «እሱም እንዳንቺ አዲስ አበባ ነው የተማረው? ከመነኮሳቱ ዘንድ?»

የውብዳር ብርጭቆውን ሞልታ ጆጉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አዎ ብትል ማንም አይጠይቃትም ነበር፤ ለሃያ ዓመት የቆመ ቤት አንድ ክፍል ቢጨመርለት አይፈርስም።

«አይደለም» አለች። «እሱ ከተናኘ ጋር ነው የተማረው። ሞጆ። አንድ ዴስክ ላይ።»

«ከልጅነት!» አሉ ወይዘሮ የኔነሽ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አኑረው ተናኘን እንደ አዲስ አዩአት። «አብራችሁ ተቀምጣችሁ! ሁለታችሁ ብቻ?»

ተናኘ የውብዳርን አላየቻትም። አሁን በተወራው ዴስክ ላይ ከመሳፍንት ማዶ፣ በወዲያኛው ዳር፣ የእሷ ቦታ ባዶ ነበር።

«ሁለታችን ብቻ» አለች።